መቶ እስኪሞላ

ሃያ ላይ ማቆም የጀመርኩት መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። አንድ ቀን ጠዋት ተነስቼ «ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን በከፊል ነው የምሠራው» አላልኩም። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ያለም አይመስለኝም። መጀመሪያ ሰማንያ ላይ ቆምኩ፤ የዚያን ቀን ወረፋው በጣም ረዝሞ ነበር፣ ምክንያት ነበረኝ። ሌላ ቀን ስልሳ ላይ ቆምኩ። ከዚያ አርባ። ከዚያ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩት።

ምን እየቆጠርኩ እንደነበር ላስረዳ፣ አለዚያ የሚቀጥለው ነገር አይገባም።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምሠራው እዚሁ ሐዋሳ ነው፣ 11 ዓመት ሆኖኛል። ከተማችን ሐይቅ አላት፣ በጥቁር ውሃ በኩል ረግረግ አላት፣ ስለዚህ ወባም አላት። ክረምቱ አልቆ መስከረም ከጠባ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ መስኮታችን ላይ የሚሰለፈው ሰው ይበዛል። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «ቢ ኤፍ» ብሎ ይልክልናል፤ ብለድ ፊልም ማለት ነው። ጣት እንወጋለን። ጠብታዋን ስላይድ በሚባለው ቀጭን መስታወት ላይ እናደርጋለን፣ አንዱን ወፈር፣ አንዱን ሳሳ አድርገን። ይደርቃል፣ ጊምሳ በሚባለው ቀለም ይቀለማል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይደርቃል። ከዚያ አንድ ጠብታ ዘይት ተደርጎበት ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። 1,000 ጊዜ ጎልቶ ነው የሚታየን።

ታዲያ ይህን ያህል ሲጎላ በአንድ ጊዜ የሚታየው የስላይዱ ትንሽዬ ክብ ቦታ ብቻ ነው። ፊልድ እንለዋለን። አንዱን አይተሽ ስትጨርሺ ትገፊዋለሽ፣ ቀጣዩ ይመጣል። ወባ «አለ» ለማለት አንዲት ፓራሳይት፣ የወባ ተውሳክ ማለት ነው፣ በእርግጠኝነት ማየት ይበቃል። «የለም» ለማለት ግን ቢያንስ 100 ፊልድ ማየት ግዴታ ነው። አንድ ስላይድ በወጉ ከታየ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። በወባ ወቅት ይህን ቀኑን ሙሉ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ አንገት ጎንበስ፣ ዓይን ሌንሱ ላይ፣ አንድ ሁለት ሦስት እያሉ እስከ መቶ፣ እንደገና ከአንድ።

እና እኔ ሃያ ላይ ማቆም ጀመርኩ።

ሰው እንዴት እዚህ ይደርሳል? እኔ ምክንያቱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የዲዩቲ፣ ማለትም የተረኝነት፣ ክፍያ ይዘገያል። ቀለሙ ያልቃል፣ ጓንት ያልቃል። መብራት ይሄዳል፣ ተመልሶ ሲመጣ ወረፋው በእጥፍ ይጠብቅሻል። ቤት ኪራይ ይጨምራል፣ ደመወዝ ባለበት ይቆማል። ዓመቱ ሲያልቅ ቢኤስሲ የሚባለው የሥራ ምዘና ቅጽ ይመጣል፣ ስንት ምርመራ እንደሠራሽ ይቆጠራል፣ እንዴት እንደሠራሽው ግን የሚጠይቅሽ የለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዛሬም አልተለወጠም። ግን ዋናው እሱ እንዳልነበረ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

የላቦራቶሪያችንን መስኮት ማየት አለባችሁ። ዝቅ ያለች ናት፣ በመስታወት ተከልላ ከታች እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ብቻ አላት። ሰው ሲመጣ እኔ የማየው እጁን ነው። የገበሬ እጅ፣ የሕፃን እጅ፣ ጥፍሯን የተቀባች ልጅ እጅ። ወግቼ፣ ጥጥ አስይዤ፣ ቀጣይ እላለሁ። ውጤቱን ወረቀት ላይ ጽፌ አወጣለሁ፣ ሰውየው ይዞት ወደ ሐኪሙ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። ዳነ? አልዳነም? 11 ዓመት ሙሉ ስንት ሺህ ጣት ወግቼ የአብዛኛውን መጨረሻ አላውቅም።

ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። የታየኝ ሞራሌ መጥፋቱ ነበር። ጠዋት ስነሳ እግሬ እንደ ድንጋይ ይከብደኝ ነበር። በር ላይ ደርሼ ቦርሳዬ ውስጥ የማልፈልገውን ዕቃ እፈልጋለሁ፣ ላለመግባት። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ደክሞኝ ነው» እላለሁ። ቅዳሜና እሑድ ተኝቼ አሳልፌ ሰኞ ስነሳ ያው ነኝ። እንቅልፍ የማይነካው ድካም ነበር።

ደግሞ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ስልኬ ላይ ያልሰማሁት አነቃቂ ንግግር የለም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እየተነሳሁ በሐይቁ ዳር፣ በፍቅር ሐይቅ በኩል ሮጬ አውቃለሁ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል። «እችላለሁ» ብዬ ጽፌ መስታወት ላይ ለጥፌ ነበር። ግብ ጻፊ ሲሉኝ ጻፍኩ፦ መኪና፣ የራሴ ክሊኒክ፣ ውጭ አገር። ሩጫው ለሰውነቴ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ሌላው ግን አልያዘም። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ንግግር ስለ እኔ ነበር። አንቺ ትልቅ ትሆኛለሽ፣ አንቺ ታሸንፊያለሽ። እኔ ግን ላቦራቶሪ የገባሁት ለማሸነፍ አልነበረም። ለምን እንደገባሁ ደግሞ ረስቼው ነበር። ያልበላኝን ቦታ እያከኩ ነበር የከረምኩት።

አሁን ልጽፈው የምፈራው ቦታ ላይ ደርሻለሁ።

ጥቅምት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ። ከቀዳዳዋ የሕፃን ጣት ገባ፣ ትንሽዬ፣ ትኩስ። ወጋሁት፣ አለቀሰ። ስላይዱን ሠራሁ። ሃያ ፊልድ አየሁ። ምንም የለም። «ሄሞፓራሳይት አልታየም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ልጁ የትኩሳት ማስታገሻ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ተላከ።

በማግስቱ ከሰዓት እናቱ ተሸክማው ተመለሰች። ትኩሳቱ ብሶበት፣ ያስመልሰው ጀምሮ። በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ የነበሩት ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን ናቸው። ሁለተኛውን ስላይድ አዩ። ወባ፣ ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ዓይነት፣ በብዛት። ጋሼ በዚህ አላቆሙም። ስላይድ ወዲያው አንጥልም፣ ለጥራት ቁጥጥር እናስቀምጣለን፤ የትላንቱን ከሳጥኑ አወጡና ከመጀመሪያው ማየት ጀመሩ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ነይ ልጄ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ።»

ዓይኔን አስጠጋሁ። ቀለበት ናት። የወባ ፓራሳይት በመጀመሪያ ደረጃዋ ስትታይ ቀለበት ነው የምትመስለው፤ ቀይ ፈርጥ ያላት ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት።

«የትላንቱ ስላይድ ነው» አሉኝ። «ስልሳ አንደኛው ፊልድ ላይ ነው ያገኘኋት።»

ምንም አላልኩም። ምን ይባላል? ትላንት በደሙ ውስጥ ጥቂት ነበሩ፣ ሃያ ፊልድ ላይ ለሚያቆም ሰው አይገኙም፣ መቶ ለሚቆጥር ሰው ግን ነበሩ። ሕጉ መቶ ያለው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ሕጉን አውቀዋለሁ፣ ለልምምድ ለሚመጡ ተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ።

ጋሼ አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «አንቺው ጻፊው። አንቺው አድርሺው» አሉኝ።

እንደዚያ ተደርጎ አያውቅም፣ ውጤት የሚወስደው አስታማሚው ነው። ግን ሄድኩ። ከላቦራቶሪው እስከ ሕፃናት ክፍሉ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፣ እኔ በዚያ ኮሪደር ከስንት ጊዜ ወዲህ እንዳላለፍኩ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። እናትየው ጥግ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወጣት ናት። ልጁ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስተኝታዋለች፣ ጫማው አንዱ ወልቋል። ውጤቱን ለሐኪሟ ሰጠሁና ወደ እሷ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። «እህቴ፣ ትላንት የተሰጠሽ ውጤት ትክክል አልነበረም። ወባ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው፣ በደንብ አላየሁትም» አልኳት።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አየት አድርጋኝ «አሁን ታወቀ?» አለች።

«አዎ፣ ታወቀ።»

«ተመስገን። እንኳን ታወቀ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጁን ግንባር ሳመችው።

ልጁ ድኗል። ሕክምናውን ጨርሶ በእግሩ ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በየቀኑ እየሄድኩ እጠይቅ ነበር። ባይድን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍ አይመስለኝም። ፋልሲፓረም በትንሽ ልጅ ላይ አንድ ቀን ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ከዚያ ቀን በኋላ ሞራሌ ተመለሰ? አልተመለሰም። ይህን በግልጽ መናገር የምፈልገው እንዲህ ያለ ታሪክ ሁልጊዜ «ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆንኩ» ተብሎ ስለሚያልቅ ነው። እኔ የሆንኩት ፈሪ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል እያንዳንዱን ስላይድ መቶ ሃያ፣ መቶ ሃምሳ ፊልድ አየሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማታ ማታ ጣት አልማለሁ። ሥራዬ ትክክል ሆነ፣ እኔ ግን ይበልጥ ሥራዬን ጠላሁት። ፍርሃት ያሠራል፣ ለጥቂት ጊዜ። አያቆይም። በሦስተኛው ሳምንት ቆጠራዬ ሰማንያ ላይ ሲደርስ ያ የድሮ ድምፅ መጣ፦ «ይብቃ፣ ምንም የለም።» ደነገጥኩ። የልጁ ፊት ገና ከዓይኔ ሳይጠፋ ነው ይህ የሆነው።

የዚያን ዕለት መልቀቂያ ልጽፍ ወሰንኩ።

ከሥራ ወጥቼ መናኸሪያ አካባቢ ጉዳይ ነበረኝ፣ ከዚያ ወደ ፒያሳ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፣ በሙቀቱ ጃኬት ለብሷል። «አመመህ እንዴ?» አልኩት፣ ልማድ ነው። «ወባና ታይፎይድ ነው አሉኝ» አለኝ። ሁለቱን አንድ ላይ። ይህን አባባል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም።

«ደም ሰጥተህ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ እንዲሁ አይተው ነው። ምልክቱ እሱ ነው አሉ፣ የሁለቱንም መድኃኒት ሰጡኝ።»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ያን ልጅ እስከ ፒያሳ ድረስ አላስተነፈስኩትም። ሳይመረመሩ የወባ መድኃኒት መዋጥ ምን እንደሚያስከትል፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት መድኃኒታቸው አንድ እንዳልሆነ፣ ታይፎይድ ነው እየተባለ በየጊዜው የሚዋጠው አንቲባዮቲክ ጀርሞቹን እንዴት እንደሚያለማምድ፣ ትኩሳቱ ጭራሽ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል። «ግምት ነው የዋጥከው» አልኩት። ፒያሳ ደርሰን ቆመ፣ ዞሮ አየኝ። «እህቴ፣ እናንተ ጋ ብመጣ ታዪልኛለሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ወረድኩ።

መንገዱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ስንት ወር ሙሉ ምንም ነገር ደሜን አላሞቀውም ነበር። የዘገየው ክፍያ እንኳን አሰልችቶኝ እንጂ አናዶኝ አያውቅም። አሁን ግን ልቤ እየመታ ነው። ሞቷል ያልኩት ነገር ውስጤ በሕይወት አለ ማለት ነው። የት ነበር የከረመው?

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አሮጌ ደብተር ይዤ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድኩ። ጠዋት እዚያ ጫጫታ ነው፤ ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ ልጆቹ ቆሮሶውን እየገፈፉ ነው፣ አባ ኮዳዎቹ ትከሻቸውን ሰብስበው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ፀጥታ ያስፈልጋል ይባላል ለእንዲህ ያለ ነገር፣ እኔን ግን ጫጫታው ረዳኝ።

መጀመሪያ «የሕይወት ዓላማዬ ምንድን ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ደቂቃ ቆየሁ፣ አንድ ቃል አልመጣም። ጥያቄው በጣም ትልቅ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ሰው የሚያምር መልስ ይፈልጋል፣ የራሱን መልስ አይደለም። ሰረዝኩትና የትላንቱን አሰብኩ። ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ጻፍኩ፦ ምን ሲደረግ ሳይ ነው ዝም ማለት የሚያቅተኝ?

ይኼኛው ወዲያው መጣ። ሰው በግምት ሲታከም። ከገጠር የመጣ ሰው ምን እንደያዘው ሳይነገረው መድኃኒት ብቻ ተሰጥቶት ሲሸኝ። «አንቺ አይገባሽም» ሲባል። አንድ ገጽ ሞላሁ። ሁሉም አንድ ነገር ነው። ሰው ያመመውን ነገር የማወቅ መብት አለው፣ ይህ ሲነፈገው ማየት አልችልም። ከየት መጣብኝ ይህ? ብዬ ስጠይቅ ታናሽ ወንድሜ መጣ።

እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እሱ አምስት። ቤታችን ከሐይቁ ብዙ አይርቅም ነበር። አንድ ከሰዓት መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ «ምች ነው» አለች፣ ፀሐይ ላይ ሲጫወት ነው የዋለው። ከጓሮ ዳማ ከሴ ቀጥፋ፣ ጨምቃ አጠጣችው፣ ሰውነቱን አሸችው። እናቴን አልወቅሳትም፣ የምታውቀውን ነው ያደረገችው፣ ሌሊቱንም ሙሉ አልተኛችም። በማግስቱ ተወው፣ ተመስገን አልን። ከዚያ እንደገና ያዘው። ሦስተኛው ቀን ላይ አዝላው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ ከኋላ።

ጣቱን የወጋው ሰውዬ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ዝም ብሎ መሣሪያው ላይ ጎንበስ ብሏል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚጸልይ መስሎኝ ነበር። አሁን አውቃለሁ፣ እየቆጠረ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝና «ነይ» አለኝ። ወንበር ላይ አቆመኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው አየሁ። ብርሃን ነበር፣ ብርሃኑ ውስጥ ደግሞ ትንሽዬ ቀለበት። «ይቺ ናት ወንድምሽን የምታንቀጠቅጠው» አለኝ።

ወጥቶ ለእናቴ ነገራት። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ «ታወቀ!» አለችና አለቀሰች። ወንድሜ ገና አልዳነም፣ መድኃኒቱንም አልዋጠም። ግን ታወቀ። የፊቷን መለወጥ ዛሬም አየዋለሁ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ነው ሕፃናት ክፍሉ ውስጥ ያቺ ወጣት እናት ያለችኝ ቃል የመጣልኝ። ያው ቃል ነው። ደብተሩን ዘግቼ ሐይቁን ሳይ ቆየሁ። አለቀስኩ፣ ብዙ። ዓሣ የሚገፍፈው ልጅ «እትዬ ምን ሆኑ?» አለኝ። ምንም አልሆንኩም አልኩት።

መልቀቂያውን አልጻፍኩም።

ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ማንበብ ጀመርኩ፣ በእኔ ላይ የደረሰው ስም ይኖረው እንደሆነ ለማወቅ። (ያው እኔ ነገሮች ስማቸው እንዲታወቅ የምፈልግ ሰው ነኝ።) የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መሰላቸትንና መቃጠልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሲመድብ ሦስት መለያ ነው ያስቀመጠለት። አንዱ የጉልበት ማለቅ ነው፣ ሌላው ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት። ሦስተኛው ደግሞ በአእምሮ ከሥራው መራቅ። ሦስተኛውን ሳነብ መስኮቷ ትዝ አለችኝ።

ከሁሉም የነካኝ ግን አዳም ግራንት የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጥናት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞች አሉ። ሥራው አሰልቺ ነው፣ አብዛኛው ሰው እምቢ ይላል። ተመራማሪዎቹ የተወሰኑትን ሠራተኞች እነሱ ባሰባሰቡት ገንዘብ በስኮላርሺፕ ከሚማር አንድ ተማሪ ጋር አገናኟቸው፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ሌሎቹ የተማሪውን ደብዳቤ አነበቡ፣ ግን አላገኙትም። የቀሩት ምንም አልተደረገላቸውም። ከአንድ ወር በኋላ ሲታይ ተማሪውን በአካል ያገኙት ስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜም የሚያሰባስቡት ገንዘብም ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ደብዳቤ ያነበቡት አልተለወጡም። ሰውየውን ማየት ነበር የሚያስፈልገው፣ ፊቱን። ጋሼ ይህን ጥናት አላነበቡትም። «አንቺው አድርሺው» ያሉኝ ግን እሱኑ ነው።

አንድ ሌላ አለ፣ ቆየት ያለ፣ እ.ኤ.አ. የ1973። ማርከር ይዘው መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ የተሠራ። ለአንዳንዶቹ «ከሳላችሁ ሽልማት አለ» ተባለ፣ ተሸለሙም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሮቹ እንዲሁ በነፃ ሲቀርቡላቸው፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ቀንሰው ነው የሳሉት። የራሳቸው ደስታ ሽልማቱ ሥር ተቀብሮ ቀረ። ይህን ሳነብ የቢኤስሲ ቅጼ ታየኝ። ስንት ምርመራ? ሲባል እኔም ቁጥሩን ብቻ ማየት ጀምሬ ነበር።

ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ እፈልጋለሁ። ይህን ጽሑፍ ይዞ «እሴታችሁን ፈልጉ እንጂ ስለ ክፍያ አታንሱ» የሚል አለቃ ካለ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም። የሠሩበት ክፍያ በጊዜው መምጣት አለበት። ቀለም መኖር አለበት። ሁለት ሰው ለአራት ሰው ሥራ መመደብ የለበትም። የነርሷ ወይም የመምህሩ ልብ መልካም ስለሆነ የቤት ኪራይ አይከፈልም። እኔ ዛሬም ስብሰባ ላይ የማነሳው ይህንኑ ነው፣ እንዲያውም ከበፊቱ ጠንከር አድርጌ፣ ምክንያቱም አሁን የምጠይቀው ለራሴ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቀለም ሲያልቅ የሚጎዳው ከቀዳዳዋ ማዶ ያለው ነው። ደግሞ ምግብ ያስጠላችሁ፣ እንቅልፍ የራቃችሁ፣ መኖር የከበዳችሁ ከሆነ ያ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እባካችሁ ሐኪም አማክሩ። እሱም በግምት አይታከምም።

አሁን እንዴት ነኝ? ደህና ነኝ። ሁልጊዜ አይደለም። በጣም የሚደክመኝ ቀን አለ፣ ምንም የማይሰማኝ ቀን አለ። ያኔ ምን እንደማደርግ ብትሉኝ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ስላይዱን ከማየቴ በፊት ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ፣ ዕድሜውንም። ጣት ስወጋ ጎንበስ ብዬ በመስታወቱ ፊቱን አያለሁ፣ «ማን ልበል?» እላለሁ። ይህ ጊዜ ይፈጃል ያሉኝ ነበሩ፣ ሦስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ዓርብ ዓርብ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኮሪደሩን ተሻግሬ ሄጄ ፖዘቲቭ የጻፍኩላቸው ሰዎች እንዴት እንደሆኑ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ሄደዋል ይሉኛል፣ ድነው። አንዳንዴ ሌላ ወሬ እሰማለሁ። እሱም ቢሆን ከአለማወቅ ይሻላል፣ ለእኔ።

አንድ ያላሰብኩት ነገርም አለ። ስሜቱ መጀመሪያ መጥቶ ከዚያ እሠራለሁ ብዬ ነበር የምጠብቀው፣ ዓመት ሙሉ። አሁን የማየው ግልባጩን ነው። ሳይሰማኝ እጀምራለሁ፣ ስሙን አንብቤ፣ አንድ ሁለት እያልኩ። ስልሳ አካባቢ ስደርስ የሆነ ነገር ይመጣል። ስልሳ አንድ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ እዘገያለሁ።

ባጃጅ የሚነዳው ልጅ መጥቶ ነበር፣ ቃሉን ጠብቆ። መቶውን ቆጥሬ አየሁለት። ወባ አልነበረውም።

ባለፈው ሳምንት ለልምምድ የመጣች አንዲት ተማሪ አጠገቤ ተቀምጣ ስላይድ ታያለች። ከሰዓት ነው፣ ሙቀት ነው፣ ወረፋው እስከ ውጭ በር ድረስ ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቀና አለች።

«ሰማንያ ሁለት ደርሻለሁ፣ ምንም የለም። ላቁም?»

ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩላት። «ስሟን አንብቢው እስቲ» አልኳት።

አነበበችው። የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ወደ መስኮቷ ዞር ብላ ወደ ውጭ አየች፣ ወረፋው ውስጥ የምትፈልጋት ይመስል። ከዚያ ተመልሳ ሌንሱ ላይ ጎንበስ አለች።

«ሰማንያ ሦስት» አለች።